ፈሰሰ የተባለው ጠርሙስ

ለምወድሽና ለምታስቸግሪኝ የልጅ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ምሳ ትበያለሽ ወይስ አሁንም የሰው ሽንት ላይ አፍጥጠሽ ትውያለሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ስስቅ ከሚወጋኝ ጎኔ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ እንዳታስቂኝ ብያት ፊቷን አጨማዳ ነው የምትውለው።

በመጀመሪያ ስለ ሹመቴ ላመስግንሽ። «ለጥናታችን ጤነኛ ሽማግሌ ጠፋ፤ ከሽንትህ ላክልኝ» ስትዪኝ ኮርቼ ነበር። በሕፃንነትሽ ጭኔ ላይ ስንት ሱሪ አበላሽተሽብኛል፤ ብድሬን በጠርሙስ መለስኩ። ደግሞም ሥራሽ ገብቶኛል። የጭነት መኪና ስነዳ መካኒኩ ሞተር ከመፍታቱ በፊት ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያይ ነበር። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ ውስጥ ውስጡን የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። እናንተ በብረቱ ፈንታ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ትፈልጋላችሁ፤ ከልክ ካለፈ ኩላሊት ላይ ካንሰር ይኖራል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ።

ታዲያ ደውለሽ ጠርሙሱ መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ ሌላ ላክ አልሽኝ። ላክሁ። ቀጥሎ ደግሞ ማቀዝቀዣው ተበላሸ አልሽኝ። አንቺ ልጅ፣ እኔን የምትጠሪኝ «ሽማግሌው» እያልሽ ነው። «አባብዬ» የምትዪኝ ስኳር ሰርቀሽ አፍሽን ስትጠርጊ ብቻ ነበር። ያን ቀን በስልክ «አባብዬ፣ አባብዬ» አልሽኝ። በዚያ ላይ «እንዲያው ለዓመታዊ ምርመራ ሐኪም ቢያይህስ?» ብለሽ ጨመርሽ፤ መኪናዬን እንኳ ለዓመታዊ ምርመራ በግድ እንደምወስድ እያወቅሽ።

ስልኩን ዘግቼ እናትሽን፣ «ልጅሽ ዋሽታለች፤ ተነሺ ሆስፒታል ውሰጂኝ» አልኳት። ቀዶ ሐኪሙ የተነሣሁትን ፊልም ብርሃን ላይ ይዞ፣ «አባት፣ ገና ትንሽ ሳለ ነው የደረስንበት። ሳያምዎት ማን ላከዎት?» አለኝ። አንዲት ውሸታም አልኩት። የተባባልነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። አንዱን ኩላሊቴን ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ስኮርታ ጎማ የሌለው መኪና ሩቅ ይሄዳል ወይ አልኩት። ቀስ ብሎ ለነዳው ይሄዳል አለኝ።

እንዳትነግርሽ እናትሽን ያስማልኳት እኔ ነኝና እንዳትቆጪያት። አንቺ እኔ እንዳልፈራ ዋሸሽ፤ እኔ አንቺ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ አስዋሸሁ። ከማን ተማርሽው ብዬ አልጠይቅሽም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሥራሽን ስታስረጂኝ፣ ካንሰሩ ከወጣ በኋላ ፕሮቲኑ መውረድ አለመውረዱ የበሽተኛውን የወደፊት ዕጣ ይጠቁም እንደሆነ እያጠናን ነው ብለሽኝ ነበር። እንግዲያው አዲስ ጠርሙስ በበረዶ ሳጥን ልኬልሻለሁ። ይህን ደብዳቤም ሳጥኑንም የሚያደርስልሽ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሾፌሩ ነው። ምንድን ነው ቢለኝ ማር ነው ብዬዋለሁ፤ ጎድሎ ከደረሰሽ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ውጤቱን ስታዪ ደውዪልኝ። «ሽማግሌው» ብለሽ ጀምሪ፤ ከወረደ ወረደ፣ ካልወረደም አልወረደም በዪኝ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። ብቻ ይህን ጊዜ ፈሰሰ እንዳትዪኝ።

እጅሽ ይባረክ፤ ዓይንሽ አይድከም። ያየሽው ሁሉ ለሰው መዳኛ ይሁን፤ አንቺን ክፉ አይንካሽ።

ቀስ ብሎ የሚነዳው
አያትሽ