መብራትን ቆብ ያስደፉት ዳኛ፦ የአቶ እንዳላማው ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳላማው ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኪዳን አየነው በጥር ወር 1941 ዓ.ም. በጮቄ ተራራ ሥር፣ ከሮብ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ልጃቸው ድጓ ተምረው ወንበራቸውን እንዲወርሱ ይመኙ ነበር። እርሳቸው ግን ከዜማው ይልቅ ክርክር ይጥማቸው ነበርና ቤተሰቡ ገና በልጅነታቸው “ጠበቃው” የሚል ስም አወጣላቸው።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ሮብ ገበያ ጀምረው ደብረ ማርቆስ አጠናቀቁ። በይጁቤ ለዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ተዛውረው በሬጅስትራርነት ሠሩ፤ በሕግ ዲፕሎማቸውን አግኝተውም በ1987 ዓ.ም. ሮብ ገበያ ላይ የወረዳ ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሥራነሽ መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መቅደላዊትንና አካለ ወልድን አፍርተዋል። ወ/ሮ ሥራነሽ ሲቀልዱ፣ ባለቤታቸው ለባለጉዳይ ፈጥነው ይፈርዳሉ፣ እራት ምን ይሁን ሲባሉ ግን ቀጠሮ ይሰጣሉ ይሉ ነበር።

ሮብ ገበያ የኤሌክትሪክ መብራት እንድታገኝ ደጅ ከጠኑት የኮሚቴ አባላት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። መብራቱ የገባ ዕለት እንደ ልጅ ሲያበሩና ሲያጠፉ አመሹ። የሕይወታቸው ትልቁ ፈተናም የመጣው ከዚሁ ከወደዱት መብራት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ነጋዴው አቶ አብዱልዋሂድ ሰዒድ መጋዘናቸው በሌባ ስለተሰበረባቸው ጣሪያቸው ላይ ትልቅ ፓውዛ ሰቀሉ። ብርሃኑ ከጎረቤታቸው ከወ/ሮ ጤናዬ መኝታ ቤት ገብቶ ያድር ጀመር፤ የዶሮ ማደሪያቸውንም ቀትር አስመሰለው። አውራ ዶሮዎቹ ነጋ ብለው በእኩለ ሌሊት ጮኹ። በዶሮ ጩኸት መደወል የለመደው የደብሩ ደዋይ ደወለ። ካህናቱ ለኪዳን ተነሡ፣ ገበያተኛው አህያውን ጭኖ ወጣ፤ ሁሉም በጮቄ ብርድ እየተንቀጠቀጠ የማይመጣ ንጋት ሲጠብቅ አደረ። በማግስቱ አገር ሳቀ፤ ነገሩ ሲደጋገም ግን ሳቁ ቀረ። ወ/ሮ ጤናዬ ክስ መሠረቱ። የጎረቤት ጠብ መሆኑ ቀርቶ የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ ሊያደርገው ዳር ዳር የሚል ሰውም አልጠፋም። ሠርግና ለቅሶ አብረው የኖሩ ቤቶች ሰላምታ መነፋፈግ ጀመሩ፤ አቶ እንዳላማውን እንቅልፍ የነሣቸው ከፓውዛው ይልቅ ይህ ነበር።

ሕጉ አልደረሰላቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በንዝረት እንዳያስቸግር ይከለክላል፤ ብርሃንን ግን በስም አያነሣም። ክሱን መዝጋት ይችሉ ነበር፤ ሕሊናቸው አልፈቀደም። አዲስ አበባ ሕግ ትማር የነበረችው ልጃቸው መቅደላዊት የሌሎች አገሮችን ሕግ ከኢንተርኔት እያተመች ላከችላቸው። ቺሊ በሰሜን ግዛቶቿ ከዋክብት የሚመረመሩበትን ሌሊት ደንብ አውጥታ እንደምትጠብቅ፣ ስሎቬንያም በዚያው ሰሞን የውጭ መብራት ወደ ላይ እንዳይበራ እንዳዘዘች አነበቡ። ከሁሉ ደስ ያሰኛቸው የቼክ ሪፐብሊክ ሕግ ነበር፤ ከታለመለት ቦታ ውጭ የሚፈስን ብርሃን አየርን ስለ መጠበቅ በወጣ ሕግ ውስጥ፣ ከጭሱ ጎን አስቀምጦታል። የሰው አገር ሕግ ጎጃም ላይ እንደማይፈርድ ያውቁ ነበር። ሆኖም የወ/ሮ ጤናዬ አቤቱታ ቅብጠት እንዳልሆነ ልባቸውን አሳረፈላቸው። አንዱም አገር ደግሞ በጨለማ ተቀመጡ አላለም።

በከተማው “መብራት አምጪው መብራት ሊያጠፋ ነው” እየተባለ ሲታሙ፣ ሁለቱን ባለጉዳዮች ይዘው ከፓውዛው ሥር ሄደው ቆሙ። አቶ አብዱልዋሂድ መብራቱ ከጠፋ መጋዘኑ ዳግም እንደሚሰበር አመለከቱ። አቶ እንዳላማውም፣ “አቶ አብዱልዋሂድ፣ ሌባ የሚመጣው በምድር ነው፤ በሰማይ የመጣ ሌባ እስከ ዛሬ አልቀረበልኝም። መብራትዎን ወደ ምድር ያዙሩት” አሏቸው። አቶ አብዱልዋሂድ ጥቂት አስበው ሳቁ። ነገሩ በዕርቅ አለቀ፤ ብርሃኑ ወደ ምድር ብቻ እንዲወርድ ለፓውዛው መከለያ ይደረግለት ተባለ። ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠውን መከለያ አቶ አብዱልዋሂድ ራሳቸው ወጥተው ሲገጥሙ፣ መሰላሉን የያዙት ወ/ሮ ጤናዬ ነበሩ።

ያ መከለያ “የዳኛው ቆብ” ተባለ። አቶ እንዳላማው በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ከመብራት ጋር የጀመሩትን ክርክር አልተዉም። ሉማሜ ድረስ ወርደው የሻይ ቤት ባለቤቶችን ለመኑ፤ አንዳንዶቹ መብራታቸውን ቆብ አስደፉ፣ አንዳንዶቹ ሻይ ጋብዘው ሸኟቸው። በ2005 ዓ.ም. ፈረንሣይ የሱቅ መስኮትና የባዶ ቢሮ መብራት በሌሊት እንዲጠፋ ማዘዟን በሬዲዮ ሲሰሙ፣ ዘመድ የተሾመላቸው ያህል ተነሥተው አጨበጨቡ። ለአካባቢው ከተሞች ያረቀቁት ደንብ በሕይወታቸው ሳሉ አልጸደቀም። ዛሬ ጠበቃ የሆነችው መቅደላዊት ግን ይዛዋለች፤ ክርክር የምትወደውም ከአባቷ ወርሳ ነው።

አቶ እንዳላማው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው የካቲት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስዙረው ሰማዩን እያዩ ያመሹ ነበር።

ትናንት ማታ ድንኳኑ ሲተከል፣ ሐዘን ያናወዘው ቤተሰብ እርሳቸውን የማይመስል ነገር አደረገ፤ ፓውዛ ያለ መከለያ ራቁቱን ሰቅሎ የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ አበራበት። ለልቅሶ የመጡት አቶ አብዱልዋሂድ ቀና ብለው አዩት። ወጡና የራሳቸውን መጋዘን ቆብ ፈትተው ይዘው ተመለሱ። ጉልበታቸው ደክሟልና ልጆች እንውጣልዎ አሏቸው። እርሳቸው ግን “ተዉኝ፤ ዳኛው ያዘዙት እኔን ነው” ብለው መሰላሉን ወጡ። መሰላሉን ዘንድሮም ወ/ሮ ጤናዬ ያዙ። ብርሃኑ ከለቀስተኛው እግር ሥር ሲወርድ፣ ከድንኳኑ በላይ ከዋክብቱ ወጡ።

አቶ እንዳላማው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሥራነሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆችን፣ ዛሬ ሮብ ቢሆንም ገበያውን ትቶ የሸኛቸውን ይህን ሕዝብና በሰላም የሚያድር ሰፈር ትተው ሄደዋል። ጎረቤትን ብርሃን ሳይነፍጉ ዓይኑን የጠበቁለትን አባት፣ አምላከ ብርሃናት ዓይን በማይወጋው በራሱ ብርሃን ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።