ከእኔ በኋላ ተመዝግበው ከእኔ በፊት የደረሳቸው ጎረቤት

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጀርባሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትመለሺ ደረጃውን እየተሳደብሽ ነው የምትወጪው? ብርዱስ እንዴት ነው? የክፍልሽ ማሞቂያ ተጠገነልሽ? አብራሽ የምትኖረው ልጅ አሁንም የሰው ሻምፑ የራሷ እየመሰላት ነው? እኛ እዚህ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደህና ናት፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ቅናት ስልሽ ሴት መስሎሽ እልል እንዳትይ። የቀናሁት በአንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የሚኖሩት ታች፣ ከኛ ወለል ሥር ነው፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለገቡ አታውቂያቸውም። ሠፈሩ ጋሽ ፍሬቻ ይላቸዋል፤ ደረጃ ላይ እንኳ ሲታጠፉ እጃቸውን ዘርግተው ነው። ሳገኛቸው አንቱ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ከባለፈው ዓመት ጀምሮ አንተ ነው የምላቸው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። አባዬ ፈተናሽን ስታልፊ የገዛልሽን የጌም ማሽን መቼም አትረሺውም። አንቺ ስትሄጂ እኔ ዘንድ ቀረ፤ «ያዘው» አላልሽኝም፣ «አደራ» አላልሽኝም፣ እኔም ዝምታሽን እንደ ስጦታ ቆጠርኩት። በጨዋታው ውስጥ በጣራዎች ላይ የምትዘለዋን ቀበሮ ከሁላችንም አብልጣ የምትጫወታት እማዬ እንደነበረች ታውቂያለሽ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው የኔና የሷ ብቻ ሆነ። መነጽር ቤት ሌንስ የምሞርደው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቀበሮዋን በየተራ ገደል እንከታት ነበር። ሌላ ብዙ የምናወራው የለንም፤ እሱ ግን ይበቃን ነበር።

ከዚያ ያቺ ከኋላዋ ያበጠች ቴሌቪዥናችን አንድ ቀን ብልጭ ብላ ጠፋች። ጠጋኙ ከፍቶ አያትና «ነፍስ ይማር» ብሎ ዘጋት። በምትኳ እንደ ሳንቃ የቀጠነች አዲስ ገዛሁ። አዲሷ አሮጌውን ማሽን ናቀችው። ምስሉ እንፋሎት የሸፈነው መስተዋት ነው የሚመስለው፤ ይባስ ብሎ ይዘገያል። ዝለይ ስትያት ቀበሮዋ መጀመሪያ ገደል ትገባለች፣ ከዚያ ትዘላለች። እማዬ ጥቂት ቀን ታገሠችና ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ዐይኔ ነው መሰለኝ» አለች። ዐይኗ አልነበረም። ዐይኗን የለካሁት እኔ ነኝ፤ መነጽሯንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

መፍትሔው በሰው አገር በሚኖር አንድ ሰው እጅ ነበር። ይህ ሰው ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው፤ ማታ ማታ ግን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦርድ በእጁ ይሠራል። ማሽኑን ከፍተሽ ቦርዷን ውስጡ ከበየድሻት ምስሉ በአዲስ ቴሌቪዥን ላይ ጥርት ይላል፣ መዘግየቱም ይቀራል። ፋብሪካ የለው፣ ሱቅ የለው፤ ስምሽንና አድራሻሽን ትልኪለታለሽ፣ ተራሽን ትጠብቂያለሽ። «በሁለት ወር ይደርሳል» ብሎ ነበር። ሁለቱ ወር ሦስት ዓመት ሆኑ። መጀመሪያ ዕቃ ከገበያ ጠፋ አለ። ከዚያ ቤት ቀየረ። ከዚያ አገባ። ከዚያ ልጅ ወለደ። ከዚያ ልጁ ጥርስ ማብቀል ጀመረ። ሰውየው ኑሮውን ሲኖር እኔ የሱን ዜና መዋዕል እየተከታተልኩ አረጀሁ።

እኔ ደግሞ አሳዳጊ የበደለኝ ሰው አይደለሁም። ስሙን የማውቀውን ሰው ጤናውን ሳልጠይቅ እንዴት እቀመጣለሁ? በየወሩ እጽፍለት ነበር። «እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ እንዴት ናት? አዲሱ ቤት ተስማማችሁ? የልጁ ድድ እንዴት ሆነ?» እያልኩ። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ «መቼ» የምትል ቃል አንድም ቀን አላስገባሁም፤ ነውር ነዋ። ዳር ዳሩን እዞራለሁ እንጂ። አንድ ጊዜ ስለ ትዕግሥት ብቻ ሁለት ገጽ ጻፍኩለት፤ አሁንም ድረስ ጥሩ ጽሑፍ ይመስለኛል። መልስ ግን የለም።

በዚህ መሀል ነው በራሴ ላይ በገዛ አፌ የፈረድኩት። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ጋሽ ፍሬቻ ልጃቸው ትቶላቸው የሄደ ያው ዐይነት ማሽን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ እየጠጣ እንደ ተቀመጠ ነገሩኝ። እኔም አዋቂነቴ እንዳይቀርባቸው ብዬ የቦርዷን ነገር ከሀ እስከ ፐ ተነተንኩላቸው። ሲመዘገቡ ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን የጻፍኩላቸውም እኔው ነኝ፤ «ይህ ሲደርስ የሚከፍተው የልጅ ልጃቸው ነው» ብዬ በሆዴ እየሳቅኩ። ወራት እንኳ ሳይቆጠሩ ፖስተኛው መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት፤ ልቤ ዘለለች። አንድ ፎቅ ሲቀረው፣ እሳቸው በር ላይ ቆመ። ቦርዷንም ያው የኛው ጠጋኝ በየደላቸው።

እማዬ መጀመሪያ የወረደችው «ጎረቤት ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት ልበላቸው» ብላ ነው። ደስታውን የምትመኝላቸው ጊዜ ረዘም አለ። በማግሥቱ ጃንጥላ ረስቻለሁ ብላ ወረደች፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋን እዚያው ትታ በካልሲ ወጥታ መጣች። ምነው ብላት «እዚያው ይሁን፤ ነገ አይደል የምወርደው?» አለችኝ። ነጠላ ጫማዋ አድራሻ ቀየረ ማለት ነው። እኔ ሶፋው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ከእግሬ ሥር ሳቅ ይመጣል። ያን ሳቋን ታውቂዋለሽ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማስነጠስ የሚያደርጋትን። አባዬ ካረፈ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ወለሉን በተረከዜ መታሁት።

ሥራ ቦታም አልተሻለኝም። የመነጽር ቤቱ ባለቤት «ፊትህ ምን ሆኗል? ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፤ ለሰው ደረሰው» አልኳት። የዚያን ዕለት አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ገና ሲቀመጥ ሹፌር ነኝ ቢለኝ ጊዜ ዐይኑን ሳልለካ ጠላሁት።

በመጨረሻ ካቻቢቴ ልዋስ ብዬ ወረድኩ። ቤታችን ካቻቢቴ ሞልቷል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ምስሉን ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። እታለም፣ ቀበሮዋ አንገቷ ላይ ሻርፕ እንዳላት ታውቂ ነበር? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምላሷ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ትነዳለች፤ እሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው «ቀኝሽን ያዢ! ቀስ! ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ! ይኸው ገባች!» እያሉ ይጮኻሉ። ቀበሮዋ ገደል ስትገባ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ልብ በይ፤ «ያዢ» ነው ያሏት። እኔ የማውቃቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች አንቱ ሲባባሉ ነበር የከረሙት። አንቱታው መቼ እንደ ተነሣ ማንም አላማከረኝም። እማዬ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንተ ነህ? በሩን ዝጋው፤ ብርሃኑ ያንጸባርቃል» አለች።

ሰው ነኝና አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ለሰውየው ምን ብለው ቢጽፉለት ነው እንዲህ የፈጠነልዎ?» አልኳቸው። «እኔ?» አሉ፤ «ስምና አድራሻ ነዋ! አንተው አይደለህ የጻፍክልኝ? ከዚያማ ረሳሁት።» ቀጥለው እያዘኑልኝ «መመዝገቢያው ላይ ያለውን ደንብ አላነበብከውም እንዴ? የጻፈልኝን ሰው ከሰልፉ መጨረሻ አቆመዋለሁ፣ ደብዳቤ ሳነብ ቦርድ አልሠራም ይላል እኮ። እውነቱን ነው። እኔም አውቶቡስ ስነዳ ደረስን ወይ፣ ደረስን ወይ የሚለኝን ተሳፋሪ ነበር ፌርማታውን አሳልፌ የማወርደው» አሉኝ።

ደንቡንማ አንብቤዋለሁ። እንዲያውም አጻጻፉን ወድጄለት ነበር። ግን የሚለው ስለ ነዝናዦች እንጂ ጤና ስለሚጠይቅ ጨዋ ሰው አልመሰለኝም። ሰውየው ለካ በእያንዳንዱ «እንደምን ሰነበትክ» እየጎተተ ጅራት ላይ ሲያቆመኝ ኖሯል። እማዬ ዐይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላምታ ራስህን ወደ ኋላ ስትገፋ ነበር?» አለችና ቀበሮዋን እንደገና አስነሣቻት። ካቻቢቴውን ሳልወስድ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አቆምኩ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ሲጋራ የተወ ሰው እጁን የሚያደርግበት እንደሚያጣው እኔም ወር በገባ ቁጥር እጄን ምን ላድርገው እል ነበር። የልጁ ድድ ምን እንደ ደረሰ እንኳ ሳላውቅ ከረምኩ። ዝምታዬ ትንሽ ጠና ሲል ፖስተኛው ያቺን አንዷን ፎቅ ጨምሮ ወጣ። ቦርዷ በጥጥ ተጠቅልላለች፤ ከሥሯ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች። «ሰላምታህ ሁሉ ደርሶኛል። ደህና ነን። ልጁ አሁን በደንብ ያኝካል» ትላለች።

ከመነጽር ቤት ማጉያውን አስፈቅጄ አመጣሁና ቦርዷን በየድኳት። ማሽኑን ስከፍተው ምስሉ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ የጣራዎቹ ቆርቆሮ ላይ ምስማሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ወርጄ እማዬን ጠራኋት። በካልሲዋ ወጣች፣ ሶፋው ላይ በድሮ ቦታዋ ተቀመጠች፣ የጨዋታውን የመጀመሪያ ሠፈር ምንም ሳትነካ አለፈችው። ከዚያ «ጥሩ ነው። ልክ እንደ ታች ነው» አለች። ሦስት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሠፈር ላይ ቀበሮዋ ወደቀችባት። ጆይስቲኩን ሰጠችኝና ተነሣች። «ምን ጎደለሽ እዚህ?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «ምንም አልጎደለኝም ልጄ» አለች፤ «ግን በሞትኩ ቁጥር አምጪ ላሳይሽ ትለኛለህ። አሁን እንኳ እጅህን ዘርግተህ ነው ያገኘሁህ። እሱ ስሞት ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መማር አልፈልግም፤ መሞት ነው የምፈልገው።» እጄን አየሁት፤ እውነትም ተዘርግቷል። «እሱ» ማለቷንም ልብ በይልኝ።

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ይሄኛውን ለእህትህ ላክላት። እኛ ታች አንድ ይበቃናል» አለች። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ከሥራ ስመለስ ግድግዳ ነው የማየው ብላኛለች በስልክ» ብላ ጨመረች። ለኔ እንዲህ ብለሽ አታውቂም። ለኔ ሁልጊዜ «አለሁ» ነው የምትይኝ። ተከራከርኩ፤ «የጠበቅኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። «ፈተናውን ያለፈችው እሷ ናት» አለችና ወረደች።

ሳምንት አኮረፍኩ። ኩርፊያዬን የሚያይልኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁለቱም ታች ናቸው። ሰለቸኝና ካርቶን ፈለግኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረሰሽ እሱ ነው፤ ማሽኑ፣ ሁለቱም ጆይስቲኮች፣ ቀበሮዋ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚገባው የገመዱ ጫፍ ላይ ቀይ ምልክት አድርጌበታለሁ። የቀበሮዋ ካሴት እምቢ ካለሽ ቀስ ብለሽ አውጥተሽ መልሺው፤ አትምቺው። እኔን እማዬ «ወንበርህን ይዘህ ውረድ» ብላኛለች፤ እዚያ ያለው ሁለት ወንበር ብቻ ነውና። ትናንት ወረድኩ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እማዬ ወደቀች፣ ሳቁ። ጋሽ ፍሬቻ ወደቁ፣ ሳቁ። እኔ ስወድቅማ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ሳቁ ለኔ ትንሽ በዛ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ካርቶኑን ሳሽገው ከሳቸው ይልቅ ባንቺ ቀናሁ። እሳቸው እንኳ ተመዝግበዋል። አንቺ ሳትመዘገቢ፣ ሳትጠብቂ፣ ከባሕር ማዶ ሆነሽ ሰልፉን ሁሉ አልፈሽ ከፊት ቆምሽ። እናታችን አንድ ቃል ከስልክ ሰምታ ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛልሽ ኖራለች። ይሁን፤ ቀንቼም ቢሆን ልኬዋለሁ። ከእንግዲህ ግድግዳውን ተይው። እዚያ አጠገብሽ እኔ የለሁም፤ ቀበሮዋ ስትወድቅ እጁን የሚዘረጋብሽ የለም። እንደ ልብሽ ሙቺ።

አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስጫት፣ ካሸነፈችሽ ግን እንዳልሰማ። አከራይሽን አሮጊቷን ጤና ይስጥልኝ በያት፤ የማሞቂያውን ነገር ደግሞ አንቺ ጠይቂያት፣ እኔን ጻፍላት አትበይኝ። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች። ጋሽ ፍሬቻም ሳያውቁሽ ሰላም በልልኝ ብለዋል፤ አድርሻለሁ።

ወንድምሽ

ከላይኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት