ቀንዱ ከጎተራ ሳይወጣ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ እስከዳር፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? አዲስ አበባስ እንዴት ይዛሻለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከምላሴ በቀር ምንም አላመመኝም፤ እሱም የሚያመው ሽማግሌዎቹን ነው።

እትዬ፣ የወንድማችን የወዳጆ ጉልበት እንደገና አብጧል። በበጎቹ በረት ደጃፍ ተደናቅፎ ወደቀ። ቁስል እንኳ የለውም፤ ጉልበቱ ግን ቅል አክሏል፤ ሦስት ቀን አልተኛም። አንቺ ያሳከምሽው ጊዜ ሐኪሙ እንዳለው፣ ደሙ ስለማይረጋ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው።

አጎታችን አያ ገሠሠ ግን «የተበላሸ ደም ቋጥሯል፤ መድኃኒቱ ዋግምት ነው» ብለው ወጌሻውን ጋሽ ዳኜን ከቀየት ድረስ አስመጡ። ጉልበቱን በምላጭ በጥተው ደሙን በቀንድ ሊመጥጡለት! «ሲገረዝ ስንት ቀን እንደደማ ረሱት? ከተበጣ አይቆምም» ብላቸው፣ «እኔ አሥር ጊዜ ተበጥቼ ይኸው አለሁ» አሉኝ። «የእርስዎማ ደም ከስስትዎ የተነሣ ጠብ አይልም» አልኳቸው። ከዘራቸውን አነሡ፤ ከዘራው የማይደርስበትን ርቀት ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያቃጠለኝ የእማዬ ነገር ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው። በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚተላለፍ አንቺ የነገርሽኝን፣ አዋቂ ነኝ ብዬ አፌን ከፍቼ ነገርኳት። አሁን «የእኔ መጥፎ ደም ነው፤ ይውጣለት» ብላ ለዋግምቱ እሺ ያለችው እሷ ናት። ማንም መርጦ አላወረሰውም፣ ኃጢአትም አይደለም ብላት አትሰማኝም።

ጋሽ ዳኜ ምሳ ሲበሉ ቀንዱንና ምላጩን ሰርቄ ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀበርኩት። አያ ገሠሠ ሰይጣን ወሰደው ብለው ቤቱን ጠበል አስረጩ፤ እኔም አብሬ ተረጨሁ። ወጌሻው ግን ቅዳሜ ሌላ ቀንድ ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሐኪሙ የሰጠንን ወረቀት አባዬ የሽንኩርት ዘር ቋጥረውበት ፊደሉ ለቋል። ሌላ አጽፊልን። «አይበጣ» ይበል፤ ክብ ማኅተም ይኑረው። አያ ገሠሠ ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ሲያዩ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ለእማዬም «ጥፋተኛ አይደለሽም» የሚል ይጻፍላት፤ እሱም ላይ ማኅተም ይመታበት። ወረቀቱን ይዘሽ ራስሽ ነይና ሐኪም ቤት እንውሰደው። እኔን ማን ይሰማኛል?

ይህን የሚያደርስልሽ በግ ነጋዴው ወሰኔ ነው፤ ሐሙስ ይመለሳልና አብረሽው ነይ።

አባዬ ሰላም ብለውሻል። እማዬ ዓይንሽን ስማለች። አያ ገሠሠም ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ምን እንደጻፍኩ ስላላወቁ ነው። ወዳጆ ቀንዱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎልኝ ነበር። ትናንት ግን ሕመሙ ሲብስበት «መሲዬ፣ አውጪላቸው» አለኝ።

እህትሽ መሲ
ራቤል፣ ግንቦት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.