በጋናችን ውስጥ ያደረ ገመድ

ሰበታ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ቅባቱን እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ዓምናው ለላሟ ቀብተሽው ጨረስሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። የኔታን ጉልበት ሳሚልኝ። ይህን የሚያነቡልሽ እሳቸው ስለሆኑ አንዳንዱን ነገር ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ዕለት ከምክር ቤት የተላኩ አምስት እንደራሴዎች እዚህ ማዘጋጃ ቤት ተሰይመው የሰፈራችንን የተፍኪን መሬት ልኬት መረመሩ። ስፌቴን ጥዬ ሄድኩ። ኦቦ ነገሳም ጎረቤቶቻችንን ይዘው መጥተዋል። ትርፍ ነው ተብሎ ለፊታውራሪው የተሰጠው የወንዝ ዳር ማሳችን መመለስ አለመመለሱ የሚለየው በዚያ ቀን ነበር።

ምስክሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሥራት! አዎ፣ ከለኪዎቹ ጋር ገመድ ይጎትት የነበረው፣ ሽማግሌ ቢልክብሽ "መሬቴን የለካ እጅ ልጄን አይነካም" ብለሽ ያባረርሽው። ፊትሽን አታዙሪ፣ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ቆሞ ሁሉንም ዘረገፈው። ቃላድ ሊጣል፣ መሬቱ በገመድ ሊለካ ሲል አለቃቸው ገመዱን ውሃ ውስጥ ያሳድረው እንደነበር፣ የራሰ ገመድ እንደሚያጥር፣ ባጠረ ገመድ የተለካ መሬትም በወረቀት ካለው በልጦ ትርፍ እንደሚባል ተናገረ። እኔም ታዝዤ ነክሬአለሁ ብሎ ራሱንም አጋለጠ። የፊታውራሪው ጠበቃ ሳቀና፣ ከሥራው ስለተባረረ ቂም ይዞ ነው አለ። አሥራት ደረቅ ገመድ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ጫፉ የደረሰበት ላይ ችካል ተከለ፤ ከዚያ በርሜል ውስጥ ነከረው። እንደራሴዎቹ ምሳ በልተው ሲመለሱ ገመዱ እንደገና ተዘረጋ። እማዬ፣ ስድስት ክንድ ሙሉ ጎደለ! ኦቦ ነገሳ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው "ዱጋ! እውነት ነው!" ሲሉ ግቢው ተናወጠ።

ጠበቃው ግን አልተረታም፤ ያን ጊዜ ሲነከር ማን አየ አለ። ሰብሳቢው በምን ነበር የነከራችሁት ብለው ጠየቁ። አሥራት አንገቱን ደፍቶ፣ ከአንዲት እናት በተዋስነው ጋን አለ። ስምሽን አላነሣም። ውሃውን ማን እንደቀዳም አልተናገረም። ያን ጊዜ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

ለለኪዎቹ የመጠጥ ውሃ ብለሽ ያዋስሻቸውን ጋን ውሃ የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ጠዋት ገመዱን ውስጡ አየሁት፤ በስህተት የወደቀባቸው መስሎኝ አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ አለቃቸው ተቆጥቶ መልሶ ነከረው አልኩ። ያስቆጣው ነገር የገባኝ ገና በዚህ ማክሰኞ ነበር። እኔ በቀዳሁት ውሃ ማሳሽ እንደሄደ ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ይቅር በይኝ።

ሰብሳቢው መሬቱ በሚመጣው ሳምንት በደረቅ ገመድ እንዲለካ አዘዙ። ዝናቡ ሳይጀምር ይሁን ሲሉ ጠበቃው ራሱ ሳቀ።

አሥራት አሁን ሥራ የለውም። እስኪያገኝ ድረስ ሱቄ እየመጣ ቁልፍ ይተክልልኛል። ያን ሁሉ ዘመን ገመድ ጎትቶ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ብታይው ትስቂ ነበር። እኔማ ሳቅ በሳቅ ሆኜ ነው የሰነበትኩት። የኔታ እዚህ ላይ ቢያስላቸውም ምን ሆኑ ብለሽ አትጠይቂያቸው።

ጋኑን ደግሞ አደራ እንዳትሰብሪው፤ አውቅሻለሁ፣ ይህን እንደሰማሽ ወደ ጓዳ ነው የምትሮጪው። አጥበሽ አጥኚውና ጠላ ጥመቂበት። ለልኬቱ ቀን ብቻ አትበይ፣ በርከት አድርገሽ ጥመቂ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የወንዝ ዳሩን ጤፍ ቆመሽ ለማሳጨድ ያብቃሽ።

ልጅሽ

ፖስታው ላይ ስምሽን የጻፈው የእኔ እጅ አይደለም። የኔታ ጽሕፈቱ ያምራል ካሉሽ፣ እባክሽ ያን እጅ አትርገሚብኝ።