የኮምባይነሩ ተራ

ጁን 4

ደረቅ ቀን። ጠዋት ለስንዴው የመጨረሻውን ማዳበሪያ ረጨሁ። ዛላው ከወጣ በኋላ ማዳበሪያ! አባባ በሕይወት ቢኖር «ገንዘብ ተርፎሽ ነው ሂላሪ?» ይለኝ ነበር። ግን ውሉ ያዛል። ፕሮቲኑ ካልደረሰ ዱቄት ፋብሪካው ለዳቦ አይቀበለኝም። ለከብት መኖ ይሄዳል፣ በመኖ ዋጋ።

ከምሳ በኋላ የፋብሪካው ሰው መጣ። ፒርስ ይባላል። ጭቃ ያልነካው ቦት ጫማ አድርጎ... አንድ ዛላ ቀጠፈ፣ አገላበጠው። «በጣም ጥሩ ነው፣ ወይዘሮ ሂላሪ።» ደስ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ። በገዛ ማሳዬ ላይ ተማሪ ሆንኩ እንዴ? ዘሩን የመረጠው እሱ፣ ማዳበሪያው መቼ እንደሚረጭ የሚነግረኝ እሱ።

ዋጋው ግን ገና ዘሩ መሬት ሳይገባ ተቆርጧል። ስንት ዓመት ሙሉ «ወጣ፣ ወረደ» እያልኩ ስባንን አደርኩ። ዘንድሮ እንቅልፍ አለ። ለዚህ ነው የፈረምኩት።

ጁን 5

እንቅልፍ አለ ብዬ ጽፌ፣ ሳልተኛ አደርኩ።

ጁን 23

ኔቪል መጣ። ታላቅ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ በዱላ ነበር የማባርረው። እሱ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከአባባ በደረሰው እኩሌታ ላይ፣ የመኖ ስንዴ ነው የሚዘራው። ላሻው ሰው ባሻው ቀን ይሸጣል። ውል ሲባል ያቅለሸልሸዋል።

«ሬዲዮ ሰማሽ? ዋጋው ጣራ ነክቷል።»

«ሰማሁ።»

«ካንቺ ውል በላይ ሄዷል እኮ።»

«ሰማሁ አልኩህ!»

«አይ፣ ምናልባት ሳትሰሚ ቀርተሽ ከሆነ ብዬ ነው።»

ሻዩን ጠጥቶ፣ የቀረችኝን የዘቢብ ዳቦ ጠራርጎ በልቶ ሄደ።

ደሜ ፈላ። ግን ልክ ነው... ለሌላ ልሽጥ ብል አልችልም፣ ፈርሜያለሁ። ቢወርድ ኖሮስ? ቢወርድ ሲነጫነጭ የሚከርመው እሱ ነበር። ታዲያ ከሁለታችን ሞኙ ማነው? ግራ ገባኝ።

ጁላይ 18

ማሳው ቢጫ መሆን ጀመረ። ፒርስ ደወለ።

«አደራ፣ ከደረሰ በኋላ ዝናብ እንዳይመታው። ከመታው ዛላው ላይ እንዳለ ያጎነቁላል። ያጎነቆለ ስንዴ ሊጡ አይይዝም፣ አንቀበልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቶሎ ማጨድ ነዋ!»

ለሱ ቀላል ነው። ስልኩን ስዘጋ ነው ትዝ ያለኝ። ኮምባይነሩ አንድ ነው፣ የኔና የኔቪል። ዘንድሮ የመጀመር ተራው ደግሞ የሱ ነው።

አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እኔ። የጀመረው ሳይጨርስ ኮምባይነሩ አጥር አይሻገርም። አባባ ያወጣው ሕግ ነው። ልጆች ሳለን በብስክሌቷም እንዲሁ ነበር። ስፈርም ይሄን እንዴት ረሳሁ? ዘሩን አሰብኩ፣ ማዳበሪያውን አሰብኩ፣ ዋጋውን አሰብኩ... ተራውን ረሳሁት!

ጁላይ 30

ልጠይቀው? አልጠይቀውም። ምን ብዬ? «ያ የሳቅህበት ውል እንዲሳካልኝ አንተ ቆይልኝ» ልበለው?

ኦገስት 3

የሁለታችንም ስንዴ ደርሷል። ከሳምንቱ መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ ነው እያሉ ነው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ኔቪል ኮምባይነሩ ሥር ተንጋሎ ግሪስ ይቀባል። የማየው እግሩን ብቻ ነው። ለእግሩ ተናገርኩ።

«ኔቪል፣ ዘንድሮ እኔ ልጀምር።»

እግሩ እየተወዛወዘ ግሪሱን መቀባቱን ቀጠለ።

«የኔ ዝናብ ከመታው ዳቦ መሆኑ ቀረ። ያንተ እኮ መኖ ነው። ላሞቹ ምን አገባቸው?»

እግሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። «እኔ የምዘራው ቆሻሻ ነው ለማለት ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም...»

ብያለሁ እንጂ። ወይ ይሄ አፌ! «ተወው በቃ» ብዬ ወጣሁ። ተራውንም ወንድሜንም ያጣሁ መሰለኝ።

ኦገስት 4

ቁርስ ላይ ሳለሁ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኮምባይነሩ የግቢዬ በር ላይ ቆሟል። ኔቪል ከላይ ሆኖ ይጮሃል።

«በሩን ትከፍቺዋለሽ ወይስ ፒርስ መጥቶ ይክፈትልኝ?»

አለቀስኩ። አቧራ ገብቶብኝ ነው አልኩት።

ኦገስት 8

ጨረስን። የመጨረሻውን ተሳቢ ስንገለብጥ አንድ እፍኝ አንስቼ አኘክሁ፣ አባባ ያደርግ እንደነበረው። አፍ ውስጥ ተበትኖ ከጠፋ መኖ ነው። እንደ ማስቲካ ከያዘ ዳቦ ነው። ያዘ!

ለኔቪልም ሰጠሁት። አኘከ... አኘከ...

«ጥርሴ ላይ ተጣበቀ» አለ።

ከሱ አፍ ይሄ ሙገሳ ነው። ኮምባይነሩን እየነዳ ወደ ማሳው ሲሻገር የመጀመሪያው ጠብታ ጣለ።

ኦገስት 9

ዝናብ።

ኦገስት 14

ዝናብ። የኔቪል ሚስት ሞይራ ደወለች። ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን። ስለ ዝናቡ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ።

ኦገስት 21

የኔቪልን ማሳ ሄጄ አየሁት። ተጋድሟል። ጠቁሯል። ዛላው ላይ እንዳለ አጎንቁሏል፣ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ኮምባይነሩ ጭቃውን ፈርቶ እንደቆመ ነው። ኔቪል አጥሩን ተደግፎ ያያል።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ዝናቡን ያዘነብሽው አንቺ ነሽ?» አለና ወደ ቤቱ ገባ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 3

ኔቪል የተረፈውን ትናንት አጨደ። ግማሹ መሬት ላይ ቀርቷል። ያኛውም ርጥብ ነው።

ዛሬ የፋብሪካው የምርመራ ውጤት ደረሰ። የኔ አለፈ። ፕሮቲኑም፣ ሊጡም። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ደስ ብሎኛል... ለማን ልንገር? እንዲህ ያለውን ሁልጊዜ የምነግረው ለኔቪል ነው።

ሴፕቴምበር 12

ፒርስ አዲስ ውል ይዞ መጣ። ብዕሩን ሳይቀር ከፍቶ አቀበለኝ።

ብፈርም ዋጋዬን አውቃለሁ። የሚመጣው ዓመት ተራም የኔ ነው። ግን የዘንድሮውን የሱን ወስጃለሁ፣ ልመልስለት ይገባል። ከመለስኩለት ደግሞ የዳቦ ስንዴ ዘርቼ ደመና ደመና ሳይ ልከርም ነው። ካልመለስኩለትስ? ምን ዓይነት እህት ነኝ?

«ላስብበት» አልኩት። ብዕሩን ረስቶት ሄደ።

ሴፕቴምበር 28

ወሰንኩ። አልፈርምም። መኖ ዘርቼ ተራውን እመልስለታለሁ። ልነግረው ሄድኩ።

መጋዘኑ ውስጥ የዘር ከረጢት ተደርድሯል። ገና ከበሩ አወቅኩት። የፋብሪካው ዘር ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምን ይመስላል?»

«ፈረምክ? አንተ?!»

ጆሮው ቀላ። «ያን ሁሉ ዝናብ ቆሜ ሳየው፣ በስንት እንደምሸጠው እንኳ አላውቅም ነበር። አንቺ ቢያንስ ታውቂ ነበር።»

«የኔ እኮ ያለፈው ያንተን ተራ ወስጄ ነው!»

«አውቃለሁ።» ከረጢቱን በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «እና... ሂል... የሚመጣው ዓመት ተራው ያንቺ ነው። አውቃለሁ። ግን...»

ያቺን «ግን» አውቃታለሁ። ኦገስት ላይ ለእግሩ ስናገር ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ አስጨነቅኩት፣ አልዋሽም። ለበላብኝ የዘቢብ ዳቦ።

«አንተ ጀምር» አልኩት።

«ዝናብ ቢመጣስ? ያንቺስ?»

«ላሞቹ ምን አገባቸው?»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ከአጨዳው ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። የስንዴ ዋጋ ወርዷል፣ ገናም ይወርዳል አሉ። እኔ ደግሞ ይኸው ውል የለኝ፣ ዋጋ የለኝ፣ ተራ የለኝ። ልክ ሠራሁ ወይስ ተሳሳትኩ? እንጃ። ይህን ስጽፍ ስልኩ ጮኸ። ኔቪል ነው።

«ሬዲዮ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ከኔ ውል በታች ሄዷል እኮ።»

«ሰማሁ አልኩህ!»

«አይ፣ ምናልባት ሳትሰሚ ቀርተሽ ከሆነ ብዬ ነው።»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እንባዬ እስኪወርድ ስስቅ ቆየሁና፣ መልሼ ደወልኩለት።