ሰባቱ ጠማማ ስፌቶች

ጥቅምት 4
ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ የቆዳ ሱቃችንን ከፍቶታል። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ኮርቻው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ። ሙዚየሙ ያዘዘው፣ የአንድ ጥንታዊ ኮርቻ አምሳያ። ዋናው እየተሰነጣጠቀ ስለሆነ ሰው የሚያየው ይሄኛውን ይሆናል። ወንድሜ መኪና በገጨው ቀን ጠዋት ሲሰፋው ነበር።
"የቀረችውን አንተ ጨርሳት" አለኝ አባባ።
እኔ?

ጥቅምት 6
የኋላው ጠርዝ ላይ ሰባት ስፌት ተጣሟል። ወንድሜ እንዲህ ይሰፋል? እኔ ስሳሳት "ጩጬ፣ ይሄን ዶሮ ናት የሰፋችው?" እያለ ሁሉንም ያስፈታኝ የነበረ ሰው! ቸኩሎ ይሆናል...
ሰው እንዲስቅበት አልፈለግኩም። አባባ ክር ሊገዛ ሲወጣ ፈታሁት። አጠገቡ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፣ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁ፣ የእሱን ቀዳዳዎች በሰም ደፈንኩ። አማረ። ውለታ የዋልኩለት መሰለኝ።

ጥቅምት 9
የሙዚየሟ ሴትዮ የዋናውን ኮርቻ ፎቶ ይዛ መጣች። ለወንድሜ የሰጠችው ፎቶ መኪና በገጨው ቀን ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እኔ አይቼው አላውቅም።
ፎቶው ላይ፣ የኋላው ጠርዝ... ሰባት ጠማማ ስፌት።
አልተሳሳተም። የጥንቱን ሰው ስህተት ቆጥሮ ነው የሰፋው።
"ነፍሱን ይማርና፣ ይቺን ጥመት ሳያያት ቀረ" አለች፣ እኔ ቀጥ አድርጌ የሰፋሁትን በጣቷ እየነካች። "እንደዚያ ጠንቃቃ ልጅ..."
አባባ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።
ወንድሜ መልስ መስጠት አይችልም። እኔ ግን እችል ነበር።

ጥቅምት 10
እራት አልበላሁም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ሌላ ውሸት።

ጥቅምት 13
ነገርኩት።
"አባባ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት።"
ቢላዋ እየሳለ ነበር። ቀና አላለም።
"አውቃለሁ። ወንድምህ ግራኝ ነው። የእሱ ስፌት ወዲህ ነው የሚያዘነብለው፣ ያንተ ወዲያ።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። የትኛችሁን ሴትዮዋ ፊት ላዋርድ?"
ቢላዋውን መሳሉን ቀጠለ። ምነው በጥፊ ባለኝ...

ጥቅምት 14
የእኔን ስፌት ፈትቼ ሰሙን በመርፌ ጫፍ ለቅሜ አወጣሁት። የወንድሜ ቀዳዳዎች ሰባቱም አሉ። አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ ከፊትና ከኋላ፣ እሱ እንዳሳየኝ። ስፌቱ እሱን እንዲመስል በግራ እጄ ሞከርኩ።
"ኧረ ተው፣ ዶሮዋን ጠራሃት!" አለ አባባ።
ሳቅን። ከዚያ ውጭ ወጥቶ ብዙ ቆየ።
የእኔን ቀዳዳዎች አልደፈንኳቸውም።

ጥቅምት 18
ሴትዮዋ ፎቶውን ኮርቻው አጠገብ አስቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። ሰባት። ከዚያ ጎንበስ አለች።
"እነዚህ ከጎን ያሉት ቀዳዳዎችስ? ፎቶው ላይ የሉም።"
አባባ ቢላዋውን አስቀመጠ።
"የእኔ ናቸው" አልኩ። "ወንድሜ እንደ ፎቶው አድርጎ ሰፍቶት ነበር። የተጣመመ መስሎኝ ፈታሁት። ያን ቀን እርስዎ ሲያሙት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።"
በዚህ ጊዜ ጫማዬን አላየሁም።
ከቦርሳዋ የኮርቻው ታሪክ የሚመዘገብበትን ካርድ አወጣች። እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች።
"የነገርከኝን ልጻፈው?"
"ይጻፉት።"