በሰውዳ ሸራ ጫማ ፈንታ አዲስ ስኒከር ለላከልን ኮሚቴ

ለተከበራችሁ የ«ድሮና ዘንድሮ» የጫማ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት፣
ጋምቤላ

ክቡራን ሆይ፣ በዚህ አናት በሚበሳ ሙቀት ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? የቢሯችሁ ማራገቢያ ሳይቋረጥ ይዙር፣ ወባም ደጃችሁን አትርገጥ። እኔ የአቦቦው ሰፋሪ የአቶ ሷሊህ ልጅ ነጅሚያ ነኝ።

የድሮው ሸራ ጫማ ዛሬ «ሬትሮ ስኒከር» ተብሎ ወደ ሱቅ መመለሱን ለትውልድ ልታሳዩ፣ ባሮ ዳር ድንኳን ጥላችሁ በደገሳችሁት ዐውደ ርዕይ እጅግ ኮርተናል። ለዚሁም ቤታችን ድረስ መጥታችሁ፣ አባቴ አርባ ዓመት በሳጥን ያኖሯትን የእህቴን የሰውዳን ነጭ ሸራ ጫማ ተውሳችሁ ወስዳችኋል። አባቴም «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው በሁለት እጃቸው ሰጧችሁ። ሰውዳ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወባ ወሰዳት። ፎቶ የላትም። የቀረችን ያቺ ጫማ ብቻ ነበረች።

እናንተን መውቀስ ነውር ነውና፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. የአቦቦ ጭቃ ሶሏ ላይ የደረቀባትን ጫማ «አርጅታለች» ብላችሁ ከድንኳኑ ጥራጊ ጋር ስለጣላችሁልን። በአሮጌ ጫማ ዐውደ ርዕይ ላይ አሮጌ ጫማ መገኘቱ በእርግጥም ያሳፍራል!

፪. በምትኳ «ዲዛይኑ ያው ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አያይዛችሁ አዲስ ስኒከር ስለላካችሁ። እውነት ነው፤ ነጭነቱም፣ ክሩም፣ የላስቲክ አፍንጫውም ያው ነው። የጎደለው የሰውዳ እግር ብቻ ነው።

፫. ሦስት ጊዜ ከአቦቦ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ «ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው» ስለተባልኩ። ስብሰባችሁ ይባረክ። ግን በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ጥራጊው የት እንደተደፋ ብቻ ንገሩኝ። በእጄ ፈልጌ አወጣታለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።

የቅርስ አያያዛችሁን ለጠላቴም የማልመኝ፣ ደጃችሁን በመጥናት ጫማዬን የጨረስኩ አክባሪያችሁ፣
ነጅሚያ ሷሊህ፣ ከአቦቦ

ማስታወሻ፦ የአባቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። በየዒዱ ጫማዋን ከሳጥን አውጥተው በመዳፋቸው ይለኳታል፤ ከመሃል ጣታቸው ጫፍ አታልፍም ነበር። መጣሏን ልነግራቸው አልደፈርኩምና ባለፈው ዒድ የለኩት የእናንተን ስኒከር ነው። ከጣታቸው አልፎ ሄደ። ደግመው ለኩና፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ነጁ፣ ሰውዳ አደገች እንዴ?» አሉኝ። ኮሚቴው ስብሰባውን ሲጨርስ መጥቶ መልሱን ይንገራቸው።